የዳታ ጥበቃ ስልጠና ሄጄ ነበር፣ ከ5 ሁለት ተኩል

አንድ መለስተኛ ክሊኒክ ውስጥ አይቲ ነኝ፣ አይቲ ስላችሁ ፕሪንተሩም ጄኔሬተሩም ሲበላሽ የምጠራው እኔው ነኝ። አለቃዬ ስለ ዳታ ጥበቃ አዋጁ የሆነ ቦታ ሰምታ "ሂድና ተምረህ ና" ብላ የአንድ ቀን ስልጠና ላከችኝ፣ ያዘጋጁትን ስም አልጠራም።

ጠዋቱ በከንቱ አለፈ። ሰውየው ጂዲፒአር ጂዲፒአር (የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ሕግ ነው) ሲል፣ 20 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ምናምን ሲል ምሳ ደረሰ፣ እኛ እኮ መደርደሪያ ሞልቶብን የታካሚ ካርድ መሬት ላይ የምንደረድር ሰዎች ነን። የራሳችን አዋጅ 1321/2016 በሁለት ስላይድ አለቀ።

ከሰዓት ግን አንዲት ጠበቃ ገባች፣ ስላይድ የለ ምን የለ፣ "ትናንት ማታ የሪሴፕሽን ላፕቶፕ ተሰረቀባችሁ፣ አሁን ምን ታደርጋላችሁ?" ብላ አፋጠጠችን። ሁላችንም ጭጭ። በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ እንዳለ፣ የጤና መረጃ ደግሞ ሴንሲቲቭ ተብሎ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ፣ ምክንያቱም እኛ የላብ ውጤት ፎቶ አንስተን ነው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የምንለቀው፣ የታካሚው ስም ከነካርድ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ ሥራ ከለቀቀች ዓመት የሞላት ነርስ ሳትቀር ግሩፑ ውስጥ አለች። እዛው ወንበሬ ላይ ሆኜ አስወጣኋት (በማግስቱ "ምን አጠፋሁ?" ብላ ደወለችልኝ፣ አይ የኔ ነገር)።

የሚያስቀው ደግሞ አቴንዳንሱ ነው። ስም፣ ስልክ፣ መሥሪያ ቤት፣ ፊርማ የሚል ወረቀት ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር ዋለ። በሦስተኛው ቀን የኢንሹራንስ ሻጭ ደወለ፣ ቁጥሬን ከየት አመጣኸው ስለው "ስልጠናው ላይ አብረን ነበርን እኮ" አለኝ ያለምንም ሀፍረት።

ለብቻው አስከፍለው የሸጡልን የፖሊሲ ቴምፕሌትም አለ። ክሊኒክ ገብቼ ሳነበው ገጽ 6 ላይ ቅሬታ ያለው ታካሚ ለአየርላንድ ዳታ ጥበቃ ኮሚሽን ያመልክት ይላል፣ የሜክሲኮ ሰፈር ታካሚ ደብሊን ድረስ ሊሄድ! ደውዬ ስነግራቸው "ኤዲት አድርገው" አሉኝ። ሕጉ ላይ መመሪያም ሆነ ማሻሻያ ሲወጣ ዓመቱን ሙሉ አፕዴት እናደርጋችኋለን ያሉበት ቻናል ደግሞ እስካሁን የለጠፈው የእንቁጣጣሽ ካርድና የሚቀጥለውን ስልጠና ማስታወቂያ ነው።

ሁለት ተኩሉ ሙሉ ለሙሉ የጠበቃዋ ነው፣ ከሰዓቱን ብቻ ለይተው ቢሸጡ ላቦራቶሪውን በሙሉ ይዤ እሄዳለሁ።