ከጎርፍ በኋላ በቦርከና፦ የኮምቦልቻ ወጣቶች የጀልባና የዓሣ ማጥመድ አገልግሎት

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በጀልባ መቅዘፍና ዓሣ ማጥመድ ለሚፈልግ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው የሚሰጡት አገልግሎት አለ። ያላቸው ሀብት በአየር የሚነፉ ጀልባዎች፣ መቅዘፊያዎች፣ የሕይወት አድን ሰደርያዎች፣ መንጠቆዎችና በኪራይ የሚያመጡት አንድ ሚኒባስ ነው። ሥራቸው ገና ትንሽ ስለሆነና ከምስጋናው ጋር ነቀፌታም ስለምጽፍ ስማቸውን አልጠቅስም። አገልግሎቱ ዋጋው ይገባዋል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ያለማመንታት ይገባዋል እላለሁ። እንዲህ የምለው ከሁሉ በላይ ወንዙ ለመግባት የማይመች በሆነበት ቀን ገንዘብ ይዞ የመጣን ደንበኛ «ዛሬ አይሆንም» ብለው መመለስ ስለሚችሉ ነው። ከጎርፍ በኋላ ወደ ውኃ ለሚወርድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት አላውቅም።

ይህን ለመረዳት የቦርከናን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ወንዙ ከደሴ በላይ ካሉት ከፍታዎች ተነሥቶ በከተማዋ ውስጥ ያልፍና በዶሮ መዝለያ ገደል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሜዳ ያገኛል፤ ከዚያም በጨፋ ረግረግ ተንሰራፍቶ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ያመራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው ርቀት ውስጥ ውኃው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ደሴ አጠገብ ባለው ጦሳ ተራራ ላይ የወረደ ዶፍ ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ኮምቦልቻ ቆሞ ቀና ብሎ ሰማይ ማየት ብቻውን የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው፤ ወጣቶቹም ከመነሣታቸው በፊት ደሴ ላሉ ዘመዶቻቸው ስልክ ደውለው ሌሊቱን ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

በመጀመሪያው ቀጠሮአችን ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ የደረስነው ገና በማለዳው ነበር። ጀልባዎቹ ከሚኒባሱ አልወረዱም። ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ወደ ወንዙ ወርዶ የተሳለ ቀጭን እንጨት በትክክል ውኃው ጫፍ ላይ ተከለና ተመልሶ መጥቶ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳልን። ሻዩን ጠጥተን ጥቂት ከተጫወትን በኋላ አብረን ወርደን ስናይ ውኃው እንጨቱን አልፎ በአራት ጣት ያህል ወደ እኛ ገብቷል። ለዐይን ግን ወንዙ ከቀደመው ቀን የጎደለ ይመስል ነበር፤ ዳርቻው ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ይታያልና። በመካከሉ የሚወርደው ደግሞ ገና አረንጓዴ የሆነ ሣርና ቅጠል ነበር፤ ይህም ውኃው ከላይ አዲስ ዳርቻ እየጠረገ መምጣቱን ያሳያል።

ቀጥሎ ያወጣው ዕቃ ነጭ የብረት ሳህን ነበር። መካከሉ ተበስቶ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ላይ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ቀይ ክር ተቋጥሮበታል። ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደ ውኃው ሲያወርደው የመጀመሪያው ቀይ ክር ውኃውን ሳይነካ ከዐይናችን ጠፋ። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. የባሕርን ጥራት የለካው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ የሐይቅና የወንዝ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ በስሙ በሚጠራ ክብ ሳህን ይጠቀማሉ። ኮምቦልቻ ላይ በወጥ ቤት ሳህን ሲሠራበት ማየቴ ለወጣቶቹ ያለኝን አክብሮት ጨምሮታል። ልጁ ሳህኑን እያጠበ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ አንገባም። የጎደለ መስሎ እየሞላ ነው፤ አብሽሩ፣ ቀብዳችሁ አይነካም» አለን። ቀብዱም በእርግጥ ለሌላ ቀን ተላለፈልን፤ ያለ ክርክር፣ ያለ ቅሬታ።

ይህን ጥንቃቄ የተጋነነ አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር የውኃን ጉልበት አስቦ አያውቅም። የወንዝ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሰውን ወይም ጀልባን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በፍጥነት የሚሮጥ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ አዋቂ ሰውን ሊጥል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ደግሞ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። ሹፌሩ በመንገዳችን ላይ ያገኘነውን፣ ጎርፍ የሸፈነውን ጠባብ መሻገሪያ ትቶ በሌላ መንገድ ሲዞር ከመካከላችን ያጉረመረመ ነበር፤ ትክክለኛው ግን ሹፌሩ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጎርፉ ትቶት የሚሄደው ነገር ነው። ከዳር ተነቅሎ ወንዙን አቋርጦ የተጋደመ ዛፍ ለቀዛፊ ትልቁ አደጋ ነው፤ ውኃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም፣ ከኋላ የሚመጣው ግፊትም ቅርንጫፉ ላይ እንዳጣበቀው ያስቀረዋል። ሁለተኛው አደጋ ዳርቻው ነው። ብዙ ሰው ወንዙ ሲጎድል አደጋው አብሮ ያለፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ውኃ የጠገበ አፈር ደግፎት የነበረው ውኃ ድንገት ሲሸሸው በራሱ ክብደት የሚናደው ያኔ ነው። መንጠቆውን ይዞ አፋፍ ላይ የሚቀመጥ ዓሣ አጥማጅ ከሥሩ አፈሩ ተበልቶ ባዶ መሆኑን ከላይ ሆኖ ማየት አይችልም። ወጣቶቹ ደንበኛ ከአፋፉ ቢያንስ ሁለት ርምጃ ርቆ እንዲቆም ያዛሉ፤ ሣሩ ላይ የተሰነጠቀ መስመር ባዩበት ቦታም ማንንም አያስቀርቡም።

በሌላ ቀን፣ ዝናቡ ሰንብቶ ካቆመና እንጨቱ ውኃው መሸሹን ካሳየ በኋላ፣ ወንዙ በዝግታ እየተጠማዘዘ በሚሄድበት በታችኛው ሜዳ ላይ ቀዘፍን። ከመግባታችን በፊት ከወጣቶቹ አንዱ የምንወርድበትን ርቀት በሙሉ በእግሩ ዳር ዳሩን ሄዶ አይቶት ነበር፤ ጎርፍ መንገዱን ስለሚቀይር ባለፈው ዓመት ማወቅ ዘንድሮ አያገለግልም ይላሉ፣ እኔም እስማማለሁ። በእርግጥም አንድ መታጠፊያ ላይ ደለል ተከምሮ አዲስ ደሴት ሠርቷል፤ ዋናው ውኃም ወደ ግራ ዞሮ የወደቁ ግራሮች ሥር ይገባል። እዚያ ስንደርስ ሁላችንንም አስወርደው ጀልባዎቹን በየብስ ተሸክመው አሳለፉ። ከዚያ በታች ያለው መንገድ ፀጥ ያለ ነው፤ ቀዛፊው ጀማሪም ቢሆን የሚያስቸግረው ነገር የለም፤ ሜዳው ላይ የሚግጡት ከብቶችና በጥልቅ ሣር ውስጥ የሚመላለሱት የውኃ ወፎች ዐይን አያስነቅሉም።

ዓሣውን በሚመለከት ድፍርስ ውኃ ሁሉንም ዓሣ እኩል አያስቸግርም። አምባዛ በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት መዳሰሻዎችና በማሽተት ስለሚመገብ ጭቃ ለበስ ውኃ አያግደውም፤ ከውኃው በላይ ያለውን አየር መሳብ የሚችልበት አካል ስላለውም ኦክስጅን በጎደለበት ረግረግ ይኖራል። በዐይናቸው የሚያድኑ ዓሦች ግን ውኃው እስኪጠራ ድረስ መንጠቆ ላይ ያለውን አያዩትም፤ ቆሮሶም ከዋናው ፍሰት ሸሽቶ ዳር ዳሩን፣ ውኃው ወደ ተኛበት ይጠጋል። ወጣቶቹ ይህን ስለሚያውቁ መንጠቆውን በጉበት ቁራጭ አልብሰው፣ ከበድ ያለ እርሳስ አስረው፣ ፈጣኑ ውኃ ከዘገምተኛው በሚለይበት መስመር ላይ ያስጥላሉ። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ ከዚህ በፊት መንጠቆ ይዞ የማያውቅ ሰው ሲሆን፣ ክንድ የሚያህል አምባዛ ሲያወጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያውን ቅሬታዬን ላስቀምጥ። ከቀትር በኋላ ወጣቶቹ ጎርፍ ወደ ሸፈነው ሣራማ ሜዳ ወስደው «እዚህ አምባዛው ሞልቷል» አሉን። ሞልቶ የነበረው አምባዛ ክረምት ሲገባ ወደ ጥልቀት የለሽ ሣራማ ውኃ ወጥቶ እንቁላሉን ስለሚጥል ነው። እንቁላል የያዘችን ዓሣ ከዚያ ማውጣት የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ማውጣት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሀብቱ ሳይመናመን ጥቅም ላይ እንዲውልም ያስባል። ወንዙን እንዲህ አድርገው የሚያውቁ ልጆች ይህን ቦታ ከፕሮግራማቸው ሊያወጡት ይገባል፤ ስነግራቸውም በጥሞና አዳምጠውኛል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይከብዳል። የያዝነውን ዓሣ መብላት እንችል እንደሆነ እስክጠይቅ ድረስ ስለ ውኃው ብክለት ማንም አልነገረንም። ቦርከና የደሴን ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከፋብሪካዎች አጠገብ የሚያልፉ ገባር ወንዞች ይቀላቀሉታል፤ በእነዚህ ገባሮች ውስጥ ክሮሚየም፣ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ በተመራማሪዎች ተለክተዋል። እንዲህ ያሉ ብረቶች ወንዙ ሥር ባለው ደለል ላይ ይቀመጡና ጎርፍ ሲመጣ ደለሉ ተነሥቶ እንደገና ከውኃው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ በታች የተያዘን ዓሣ ወደ ቤት ባልወስድ እመርጣለሁ፤ የያዝነውንም መልሰን ለቀነዋል። በተጨማሪም ኮምቦልቻና ሐይቅ ከተማ አካባቢ ቢልሃርዚያ በተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የተገኘ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ፈጣን ውኃ አይስማማውም፤ ጎርፉ አልፎ ውኃው በየጥጉ ሲተኛ ግን ተመልሶ ይራባል። እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሰገራ ምርመራ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሽታውን ያድናል። ይህ ሁሉ ደንበኛው ቀብድ ሳይከፍል በፊት ሊነገረው የሚገባ ነው።

ወንዙ በማይሆንባቸው ቀናት የሚያቀርቡት አማራጭ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ነው፤ ዓሣ ለመብላት የሚፈልግ ሰውም ይህን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሐይቁ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፤ ከላዩ የሚወጣ ወንዝም የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው አንካርካ ወንዝ በክረምት ደለሉን ይዞ ስለሚገባ አፉ አካባቢ ያለው ውኃ ይደፈርሳል፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት ግን የእነዚያ ወጣቶች ሳህን ወርዶ ወርዶ ለረጅም ጊዜ ይታይ ነበር። አሁን ብዙ የሚያዘው ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ ነው። እዚያ መጠንቀቅ ያለብን ከቀትር በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ነው፤ ወጣቶቹም ጀልባዎቹን ከስድስት ሰዓት በፊት ያስወጣሉ።

ከዕቃው ጀልባዎቹ ደህና ናቸው፤ አየር በተለያዩ ክፍሎች ስለሚያዝ አንዱ ቢበሳ ሌላው ያንሳፍፋል። ሰደርያዎቹ ግን ሁሉም የአዋቂ ልክ ናቸው። ትልቅ ሰደርያ ልጅ ላይ ሲደረግ ውኃ ውስጥ ወደ ላይ ሸሽቶ ከራሱ ላይ ሊወጣ ስለሚችል ባይኖር ይሻላል የሚያሰኝ የውሸት መተማመን ይሰጣል። ለእኔ የተሰጠኝ ሰደርያ መቆለፊያው የተሰበረ ሲሆን በገመድ ታስሮ ነበር፤ ስጠይቅ ወዲያውኑ ቀየሩልኝ፤ ሳልጠይቅ መታየት ነበረበት። የልጆች ልክ እስኪገዙ ድረስ ልጆቼን ይዤ ወንዝ አልወርድም፤ ሌላውም ወላጅ እንዳይወርድ እመክራለሁ።

ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ሲሆን ግማሹ ክፍያ በቀብድ መልክ ቀድሞ ይላካል፤ የቀረው ከውኃ ከተወጣ በኋላ ይከፈላል። ስምምነቱ በቃል ብቻ ስለሆነ፣ ወንዙ ባይመች ቀብዱ እንደሚተላለፍ የሚገልጽ አጭር የስልክ መልእክት አስልኮ መያዝ ይበጃል። ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ለቦርከና ቀጠሮ አይቀበሉም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ለቀዘፋው የተሻለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውኃው እየሳሳ ስለሚሄድ ጀልባው ደለል ላይ እየተቀመጠ ያስቸግራል፣ ዓሣ ለማጥመድ ግን የጠራው ውኃ ያን ጊዜ ይገኛል።