ታብሌት፣ ልዩ የመናገሪያ መሣሪያ ወይስ ካርድ? ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት

የእኔም ልጅ በታብሌት ስለምታወራ፣ በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደውሎ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ልጃችን ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም። የሚረዳን ድርጅት አግኝተናል። የትኛውን ግዙልን እንበል?» ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ሳስረዳ ጉሮሮዬ ደረቀ። ስለዚህ ጽፌው ልገላገል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለአብዛኛው ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ተራ ታብሌት ከጥሩ የመግባቢያ አፕ ጋር ነው፤ ልጁ ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ሲነካ አፑ ቃሉን ይናገርለታል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ውድ መሣሪያ አይደለም። የሥዕል ካርዱ ደግሞ ውድድሩ ውስጥ አይገባም፤ እሱ የግድ ነው።

መጀመሪያ ብሩን እንነጋገር። እንደ ቶቢ ዳይናቮክስ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩት የመናገሪያ መሣሪያ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። በዓይን እይታ የሚታዘዘውማ ከዚያም ይብሳል። ብዙዎቹን ገልጣችሁ ብታዩ ግን ውስጡ ያው ታብሌት ነው፤ ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ጠንከር ያለ ስፒከር ተጨምሮለት። በሌላ በኩል ፕሮሎኮቱጎ የሚባለው አፕ 250 ዶላር አካባቢ ነው፤ አንዴ ይከፈላል፣ አለቀ። ችግሩ እንደ አይፓድና አይፎን ባሉ የአፕል ዕቃዎች ላይ ብቻ መሥራቱ ነው። ኤፕሪል የኦቲዝም ወር ሲሆን ዋጋውን በግማሽ የቀነሰባቸው ዓመታት ስላሉ፣ ካልቸኮላችሁ ጠብቁ። ሲቦርድ የሚባለውን አፕ ግን በነፃ መጀመር ይቻላል። በብራውዘር ይከፈታል፣ አንድሮይድ ላይም ይሠራል። ቤት ውስጥ የምታወሩበት ቋንቋ ጥሩ የኮምፒውተር ድምፅ ከሌለው ደግሞ የራሳችሁን ድምፅ የሚቀዳ አፕ ፈልጉ። ልጁ ቁልፉን ሲነካ የአክስቱ ድምፅ «ውሃ ስጡኝ» ቢል ምን ገዶት!

«ታዲያ ሌላ ሰው የሚከፍል ከሆነ ውዱን ብንወስድስ?» ይሉኛል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣመመው። ከፋዮች ብዙ ጊዜ ውዱን ይወዳሉ፤ ታብሌት መጫወቻ ይመስላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ከ2001 ጀምሮ ለመናገሪያ መሣሪያ ይከፍላል፤ ማንም ሰው ለፈለገው ጉዳይ ለሚጠቀምበት ታብሌት ግን አይከፍልም። ስለዚህ በነፃ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ውዱ ነው። ከመቀበላችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ሲበላሽ ማን ይጠግናል? እስኪጠገን ልጁ በምን ያወራል? ዕቃው የማን ነው?

የጓደኛዬ ልጅ መሣሪያ የቻርጅ መሰኪያው ላላና ለጥገና ተላከ። ሰባት ሳምንት! ሰባት ሳምንት ሙሉ ልጁ ወደ መጮህ ተመለሰ። የእኛ ታብሌት ደግሞ ጠዋት ወድቆ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ከዘመድ ሌላ ተውሰን ባክአፑን ጫንን፤ ማታ ልጄ እንደ ልማዷ «ሌላ! ሌላ!» እያለች ነበር። ሌላ ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። ትምህርት ቤት የገዛው ከሆነ ደግሞ ንብረቱ የትምህርት ቤቱ ነው። ቤት ይዞት እንደሚሄድ በጽሑፍ ካላስፈረማችሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጁ ድምፁን አስረክቦ ሊወጣ ይችላል።

አሁን የራሴን ጉድ ልናዘዝ። የመጀመሪያው ታብሌታችን ያገለገለ ነበር። ሻጩ «የሚከፈልበት አፕ ሁሉ ተጭኖበታል» አለኝ። ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት በስርቆት የተጫነ፣ መሆኑ ገብቶኛል፤ ርካሽነቱ ግን አሸነፈኝ። ሦስት ወር ሠራ። አንድ ቀን ራሱን አዘመነና አልከፍት አለ። ባክአፕ የለም። አንድ በአንድ የሞላነው ቃል ሁሉ ፎቶው ሳይቀር ጠፋ። ሌሊቱን በሌላ አፕ ላይ ከትዝታዬ ሠራሁትና ጠዋት ሰጠኋት። ልጄ ውሃ ስትፈልግ የታችኛውን ግራ ጥግ ነበር የምትነካው። ነካች። «መተኛት» አለ። እንደገና ነካች። «መተኛት»። ታብሌቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና በእግሯ ገፋችው።

ለካ ጣቷ ቦታውን በቃሉ ይዞታል፤ እኛ ሳናይ ስልክ ላይ እንደምንጽፈው። የቁልፎቹ ቦታ መለዋወጥ የለበትም። ክራኩ ያስቀረልኝ ገንዘብ የእሷን ሦስት ወር በላ።

ፎርጅድ ቻርጀርም አለላችሁ። አንድ ሰሞን ልጄ አንዱን ስትነካ ሌላው ይናገር ጀመር። ግራ የገባት እሷ መሰለችን። ቴራፒስቷም ቁልፎቹን እንቀንስላት አለች። በኋላ ጠጋኙ ሳቀብን፤ መጥፎ ቻርጀር ሲሰካ ስክሪኑ ንክኪ ያምታታል። ሲነቀል ሁሉም ሰላም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኦሪጅናል ቻርጀርን እንደ ትርፍ ነገር ሳይሆን እንደ ዋናው ዕቃ በፕሮፎርማው ላይ አስገባለሁ።

ካርዱ የግድ ነው ያልኩት ገንዘቡ ወራት ስለሚፈጅ ነው። በሥዕል ልውውጥ ማስተማር አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት በ1985 ያዘጋጁት ዘዴ ነው፤ ልጁ የሚፈልገውን ሥዕል ለሰው ሰጥቶ ዕቃውን ይቀበላል። አራሳክ ከሚባለው ድረ ገጽ ሥዕሉን በነፃ አውርዱ፣ አትሙ፣ ላሚኔት አድርጉ። ሁለት ኮፒ ይኑራችሁ። ባትሪ አይጨርስም፣ ገላ መታጠቢያም ይገባል። በዛሬው ማታ መጀመር ይቻላል።

«መሣሪያ ካስለመድነው መናገሩን ይተዋል» የሚለው ፍርሃት ከአያቶችም ከከፋዮችም ይመጣል። በ2006 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ የእድገት እክል ያለባቸውን ሰዎች አይቶ ነበር። በደንብ ከተመዘኑት 27 ሰዎች 89 በመቶው ንግግራቸው ጨመረ፤ የአንድም ሰው አልቀነሰም። ይህን ማመልከቻው ላይ ጻፉት።

ማመልከቻውን በተመለከተ፣ የእኛ የመጀመሪያው ደብዳቤ «ለልጃችን ታብሌት» ይል ነበር። በአንድ መስመር መለሱልን፤ አይሆንም። በሁለተኛው «የመግባቢያ መሣሪያ» ብለን ታብሌቱን፣ አፑን፣ እጀታ ያለውን ጠንካራ ኮቨር፣ ቻርጀሩን፣ አንድ የስክሪን ቅያሪና ለወላጅ የሚሆን የሥልጠና ሰዓት ለየብቻ ዘረዘርን። የስፒች ቴራፒስቷን ደብዳቤና የሁለት ሳምንት ሙከራ መዝገብ አያያዝን፤ በቀን ስንት ጊዜ ማንም ሳይነግራት ራሷ ጀምራ እንደጠየቀች ቆጥረን። አይፓድ ላይ ጋይድድ አክሰስ የሚባለው መቆለፊያ ከአፑ ሌላ ምንም እንዳይከፈት እንደሚያደርግም ጻፍን። የመጫወቻ ነገር በዚያው ቀረ። ያ ታብሌት ዩቲዩብ አይቶ አያውቅም፤ ለዩቲዩብ ሌላ አሮጌ አለ።

ውዱን መሣሪያ የምመክርለት ልጅ አለ። እጁ የማይታዘዝለትና በዓይኑ መምረጥ ያለበት ልጅ ምርጫ የለውም። ኢንሹራንሱ ጥገናውንና በጥገና ጊዜ የሚሰጠውን ተለዋጭ ጭምር የሚሸፍን ከሆነም ውሰዱት፣ አትግደርደሩ።

አንድ የቀረ ነገር። አፑ በእናንተ አካውንት ይገዛ። የእኛን ከፋዩ በራሱ አካውንት ገዛው፣ እኛም በደስታ አልጠየቅንም። ፓስወርዱን የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራ ለቀቀ። ታብሌት በቀየርን ቁጥር አሁንም እሱን ሰውዬ ስናፈላልግ ነው።