ዳታክላስ በፓይተን፦ የተለዋዋጮች መነሻ ዋጋ አሰጣጥ ሲገመገም

ዳታክላስ በ2018 እ.ኤ.አ. ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ 3.7 ዕትም ጋር የወጣ ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ሲሆን፣ ከክላስ (ከንድፉ) ለሚፈጠር ለእያንዳንዱ ኦብጀክት መነሻ ዋጋ የሚሰጠውን፣ ኮንስትራክተር የሚባለውን ፋንክሽን ራሱ አዘጋጅቶ ስለሚያቀርብ፣ አንዱን የተለዋዋጭ ስም ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ከመጻፍ ይገላግላል።

እኔ ይበልጥ የወደድኩት ግን ድካም መቀነሱን ሳይሆን ከስሕተት መጠበቁን ነው። ለትምህርት ክፍሎች በሠራነው ተራ ክላስ ውስጥ፣ ከሜቶዶቹ (ከክላሱ ፋንክሽኖች) ውጭ፣ «ተማሪዎች» የሚል ባዶ ሊስት (ዝርዝር) ብናስቀምጥ፣ ሊስቱ የክላሱ እንጂ የየኦብጀክቱ አይደለምና በአንዱ ክፍል የተመዘገበ ተማሪ በሌላውም ክፍል ብቅ ይላል፤ ይህን መሰል ስሕተት ስፈልግ ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ጊዜ አለ። ዳታክላስ ግን ዓይነቱ የተጻፈለትን እንዲህ ያለ ሊስት ገና ክላሱ ሲፈጠር አልቀበልም ይላል፤ በምትኩም ለየኦብጀክቱ አዲስ ሊስት የሚፈጥር ፋንክሽን እንዲሰጠው ይጠይቃል። የስሕተት መልእክቱ መፍትሔውን ጭምር መጠቆሙ ያስመሰግነዋል።

ቅሬታዬ የተለዋዋጩን ዓይነት ለመግለጽ አጠገቡ በሚጻፉት ምልክቶች ላይ ነው። «ዕድሜ» ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ነው ብለን ጽፈን ሳለ «ሃያ» የሚል ስትሪንግ (ጽሑፍ) ብንሰጠው ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበላል፤ ስለዚህ ፍተሻውን፣ መነሻ ዋጋዎቹ ከተሰጡ በኋላ በሚጠራው ሜቶድ ውስጥ፣ ራሳችን መጻፍ አለብን። ከዚህ የሚብሰው ምልክቱን ጭራሽ ስንዘነጋ ነው፤ ተለዋዋጩ ያለ ማስጠንቀቂያ ከኮንስትራክተሩ ውጭ ይቀርና ተራ የክላስ ተለዋዋጭ ይሆናል።

መነሻ ዋጋ የሌለው ተለዋዋጭ፣ መነሻ ዋጋ ካለው ተለዋዋጭ በኋላ እንዳይመጣ መከልከሉም በውርስ ጊዜ (አንዱ ክላስ የሌላውን ተለዋዋጮች ሲወርስ) ያስቸግር ነበር፤ በፓይተን 3.10 የተጨመረው፣ ዋጋዎችን በስማቸው ብቻ የመቀበል አማራጭ ይህን አቃልሎታል።