ፍቺውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚናገር መዝገበ ቃላት፦ ኮሊንስ ኮቢልድ

እንግሊዝኛ ሳስተምር «የትኛውን መዝገበ ቃላት ልግዛ?» ለሚሉኝ ተማሪዎች የምነግራቸው አንድ ስም ነው፤ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታው ኮቢልድ። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ቀላል አንቀጽ ገና አንብቦ የማይረዳ ሰው ከዚህ መጽሐፍ ጋር ቢታገል ትርፉ ድካም ነው። እሱ ለጊዜው በአማርኛ የሚፈታውን ይያዝ።

የኮቢልድ ጥቅም ያለው ፍቺው ላይ ነው። «ኮሚት» (commit) የሚለውን ግስ እንውሰድ። ተማሪው ደብተሩ ላይ «መፈጸም» ብሎ ይጽፍና በማግስቱ የቤት ሥራውንም «ኮሚት» ያደርገዋል። ኮቢልድ ግን የሚነሣው «አንድ ሰው ወንጀል ወይም ኃጢአት ከፈጸመ» በሚል ዓይነት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አድራጊው ማን እንደሆነ፣ ግሱ ምን ላይ እንደሚውል ሁሉ እዚያው ፍቺው ውስጥ ይገኛል። ቃል አጥንተው ሲናገሩ የሚደናቀፉ ልጆች በአብዛኛው ትርጉሙ አይጠፋቸውም፤ የሚጠፋቸው ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው።

ለጥናትም ይመቻል። ፍቺውን ካርድ ላይ ገልብጡ፣ የቃሉን ቦታ ባዶ ተዉት፣ መልሱን ከጀርባ ጻፉ። ቃሉ ፍቺው ውስጥ ስለሚገባ ካርዱ ራሱ ጥያቄ ይሆናል፤ ሌላ ዓረፍተ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ካርዱን በየቀኑ ከማገላበጥ ይልቅ ክፍተቱን ቀስ በቀስ እያራዘሙ መመለስ ይሻላል።

የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። በጆን ሲንክሌር የተመራው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቡድን ምሳሌዎቹን ከጭንቅላቱ አልፈጠረም፤ በኮምፒውተር ከተሰበሰበ እውነተኛ ጽሑፍና ንግግር ነው የወሰዳቸው። ይህ በጣም ይወደስለታል፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከነበሩበት ታሪክ ተቆርጠው የመጡ ስለሆኑ አንዳንዶቹ መሃል ላይ እንደደረሱበት ወሬ ናቸው፤ ማን ስለ ማን እንደሚያወራ አይታወቅም።

ሌላው ችግር ርዝመቱ ነው። ለረቂቅ ሐሳብና ለግስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግሩም ነው። ለመዶሻ ወይም ለወፍ ስም ግን ምን ያደርጋል? ሥዕል ቢኖር በአንድ እይታ ያልቅ ነበር። ለችኩል ሰው ሎንግማን የተባለው ሌላ መዝገበ ቃላት ይሻለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከወጣው የመጀመሪያ እትሙ ጀምሮ ፍቺዎቹን ወደ 2,000 በሚጠጉ ቀላል ቃላት ስለሚጽፍ ፍቺው ራሱ ሌላ ፍቺ አያስፈልገውም። ፈጥኖ ለመረዳት ሎንግማን፣ ቃሉን አውጥቶ ለመጠቀም ኮቢልድ እላለሁ።

ሁለቱንም በኢንተርኔት በነፃ መፈለግ ስለሚቻል ከመግዛታችሁ በፊት የምታውቁትን የሚመስላችሁን አንድ ግስ በሁለቱም ላይ አንብቡ። ስም አትምረጡ፤ በስም ልዩነታቸው ብዙም አይታይም።