ጢስ ዓባይን ከድንጋዩ ጋር የሚያስጎበኝ ጋይድ

ባህር ዳር ለምትመጡ፣ ጂኦሎጂ የተማረ አንድ ጋይድ አለ እሱን ያዙ። ሌላው ፏፏቴው 40 ምናምን ሜትር ነው ብሎ ፎቶ አንስቶህ ይመለሳል፣ ይሄ ግን የወደቀ ጥቁር ባሳልት (ላቫ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ድንጋይ) አንስቶ በሌንስ ያሳይሃል፣ ቀዳዳዎቹ ጋዝ ያመለጠባቸው ናቸው፣ ቢጫ አረንጓዴዋ ፍሬ ደሞ ኦሊቪን የሚባል ማዕድን። ጂኦኬሚስቶች ድንጋዩን ፈጭተው የስትሮንቲየምና የኒዮዲሚየም አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የሚለያይ አተሞች) ይለካሉ፣ ከዛ ማግማው (የቀለጠው አለት) በቀጥታ ከማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት ስር ካለው ክፍል መጣ ወይስ መንገድ ላይ የቅርፊቱን አለት አቅልጦ ቀላቀለ የሚለውን ይለያሉ አለን፣ እዚህ ላይ ሞቅ ብሎት ብዙ አወራ፣ እኔ ተመችቶኛል ጓደኛዬ ግን አዛጋች ሃሃ። የደጋው ባሳልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማው ነው፣ ጣናን የገደበው ላቫ ከሱ አንፃር ገና ትናንት የፈሰሰ ነው። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ሚኒባሱም አርፍዶ ነው የመጣው። በበጋ ውሃው ይቀንሳል፣ ድንጋዩ በደንብ የሚታየው ግን ያኔ ነው።