የታካሚ መረጃ መጠባበቂያ ለአነስተኛ ክሊኒክ፦ ሃርድ ዲስክ፣ የኔትወርክ ማከማቻ ወይስ ክላውድ?

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና ወይም በሸዋሮቢት የሚሠራ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ የታካሚዎቹን ካርድ ወደ ኮምፒውተር ካዛወረ በኋላ፣ ያ ኮምፒውተር ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎቹን የዓመታት ክትትል ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ክላውድ፣ ማለትም መረጃን በኢንተርኔት ልኮ በሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮች ላይ ማስቀመጥ፣ ከእሳትና ከስርቆት በመጠበቅ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ባለ ክሊኒክ፣ ብቸኛ መጠባበቂያውን እዚያ ማኖር አይገባውም። መስመሩ በሚሠራበት ጊዜም ቢሆን 200 ጊጋባይት የአልትራሳውንድና የራጅ ምስል በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን ከአራት ቀን ተኩል በላይ ያለማቋረጥ ይፈጃል። የውጭ ድርጅቶች ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦ፣ መረጃ ወደ ውጭ አገር በሚተላለፍበት ሁኔታ ላይ ገደብ አስቀምጧል።

ሻጮች ኤንኤኤስ የሚሉት የኔትወርክ ማከማቻ ከክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ጋር በኔትወርክ የሚገናኝ ባለ ዲስክ ሳጥን ሲሆን፣ የሁሉንም ክፍሎች መረጃ በራሱ ጊዜ ይገለብጣል፤ ሁለት ዲስኮቹ አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ ከተደረገ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ነገር ግን በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ይህ አሠራር ብቻውን መጠባበቂያ ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። መብራት በድንገት ሲጠፋ እንዳይጎዳ ዩፒኤስ የተባለውን ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ በሸዋሮቢት ሙቀት ደግሞ አየር የሚያገኝ ክፍል ይፈልጋል።

ስለዚህ ምስል የማያከማች ክሊኒክ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮችን ቢገዛ ይሻለዋል። አንደኛው በየምሽቱ ከተገለበጠበት በኋላ ከኮምፒውተሩ ይነቀላል፤ ቤዛ የሚጠይቁ ቫይረሶች ተሰክቶ ያገኙትን ዲስክ ሁሉ ስለሚቆልፉ ይህ ቸል ሊባል አይገባም። ሁለተኛው ከክሊኒኩ ውጭ በታመነ ቤት ይቀመጥና በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። ሁለቱም በቢትሎከር ወይም በመሰል ፕሮግራም በይለፍ ቃል ይቆለፉ፤ የጠፋ ዲስክ የታካሚን ምስጢር ይዞ መጥፋት የለበትም። የዚህ አማራጭ ደካማ ጎን በሰው ትጋት ላይ መመሥረቱ ነው፤ ኃላፊነቱ ለአንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ በስሙ ተሰጥቶ በመዝገብ ይፈረምበት።

ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ያለው ክሊኒክ የኔትወርክ ማከማቻ ይግዛ፤ ሁለቱን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች መጠቀሙን ግን አያቋርጥ። ክላውዱ ለሁለቱም ዓይነት ክሊኒኮች ሦስተኛ ቅጂ ሆኖ፣ ምስሎቹን ሳይጨምር የተመሰጠረውን የካርድ መረጃ ብቻ ቢይዝ ይበቃል። የትኛውንም ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ አንድ የሙከራ ካርድ አስቀምጦ፣ ሰርዞ፣ ከመጠባበቂያው መልሶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፍትልዎ ይጠይቁ።