ባሕር ዛፍ ወይስ ግራር? የማገዶ ንጽጽር ለሐረር ገዢ

ሐረር ላይ ማገዶ የሚሸጠው በሸክም ወይም በአህያ ጭነት እንጂ በሚዛን ስላልሆነ፣ ገዢው ከዛፉ ዓይነት አስቀድሞ ማወዳደር ያለበት የእንጨቱን ድርቀት ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት እስከ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ በደረቀው ውስጥ ግን ውሃው ከአምስት እጅ አንድ እጅ አይበልጥም። ስለዚህ 20 ኪሎ ከሚመዝን እርጥብ ሸክም የሚነደው 10 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ከደረቁ 20 ኪሎ ግን 16 ኪሎ ይገኛል። እርጥቡ እንጨት በዚህ ላይ ውሃውን ለማትነን ከራሱ ሙቀት ይበላል። እኔ እርጥብ ሸክም ከደረቁ በግማሽ ዋጋ ካልተሰጠኝ አልገዛም፤ ብገዛውም ለከርሞ ነው።

የደረቀ እንጨት ጫፉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ልጡ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሁለት ፍልጥ ሲጋጭም ጠንከር ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሆኖም ከዳር የሚታየው ደርቆ መሐሉ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሸክሙ መሐል አንድ ፍልጥ መዝዞ ማየት ነውር አይደለም። ባለፈው ክረምት ሸዋ በር አጠገብ ይህን ሳላደርግ በገዛሁት እንጨት ምድጃው ሲቀጣጠል፣ ከፍልጦቹ ጫፍ ውሃ አረፋ እየደፈቀ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ምጣዱም ስላልጋለ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንጀራዎች ዓይን ሳያወጡ ቀሩ።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይያያዛል፤ ነበልባሉም ረጅም ስለሆነ እስከ ምጣዱ ዳር ይደርሳል። ፍሙ ግን አይበረክትም። ግራር በተቃራኒው ከባድና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት በመሆኑ ዘግይቶ ይያያዝና ፍሙ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ለወጥና ለቡና የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ምጣድ ሥር ብቻውን ሲነድ ግን መሐሉን እያሳረረ ዳሩን ጥሬ ይተዋል። ስለዚህ ማገዶ የሚገዛው ለእንጀራ ብቻ ከሆነ በቀጭኑ የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ወጡም በእንጨት የሚሠራ ከሆነ ጥቂት ግራር መጨመር ያዋጣል። ምርጥ የተባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ያለው ሰው የማገዶ ማስገቢያው ጠባብ መሆኑን አስቦ ወፍራም ጉማጅ ባይገዛ ይሻላል። ድሬዳዋ ላለ ገዢ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ የግራርን ያህል ጠንካራ ፍም ይሰጣል፤ እሾሁ ግን እጅ አይምርም። ጽድ ፍንጣሪው ስለሚበዛ ልጆች ባሉበት ቤት አልመክረውም፤ ወይራም ለወተት ዕቃ ማጠኛ እንጂ ለማገዶ ያሳዝናል።

በአቀማመጥ ረገድ ድሬዳዋ ቆላና ሞቃት ስለሆነች እንጨቱ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ሐረር ግን ክረምቱ ሳይገባ ገዝቶ መፍለጥ ይሻላል፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ ለመጥረቢያ ስለሚያስቸግር በእርጥቡ መፈለጥ አለበት። ክምሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ ካልተደረደረ ምስጥ ይገባዋል። ከግድግዳም ትንሽ ይራቅ፤ ላዩ በቆርቆሮ ይከደን፤ ጎኖቹ ግን ነፋስ እንዲያገኙ ክፍት ይሁኑ። ብዙ ሰው ዙሪያውን በላስቲክ ይጠቀልለዋል፤ ይህ እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያሻግታል። አዲሱ ሸክም ከኋላ ይደርደር፤ የቆየው ከፊት ሆኖ አስቀድሞ ይነሣ።